ስምሪቱን ነጥቀው የሰጡኝ ሹመት

እስቲ ሹመት ብለው የሰጡኝን ልንገራችሁ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አዳማ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። የትኛው መኪና ከጅቡቲ ጭኖ እንደሚመጣ፣ የትኛው ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ እንደሚጠብቅ፣ ማን ሚሌ ላይ ጎማ እንደፈነዳበት የማውቀው እኔ ነኝ። ጠዋት ሹፌሩ ይደውላል፤ "አካም ቡልቴ እህቴ፣ ልነሳ ወይ?" ይለኛል። ተነስ ስለው ያ ሁሉ ብረት ይንቀሳቀሳል። እውነቴን ነው፣ ይህን ሥራ እወደዋለሁ! ኃላፊው ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸውን በውክልና ያዝኩ። "የሹመት ደብዳቤሽ እየተጻፈ ነው፣ ትንሽ ታገሺ" አሉኝ። ታገስኩ። ዓመት አለፈ፣ አሁንም ታገሺ።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። አጠገባቸው አንድ ጎረምሳ ተቀምጧል። የእህታቸው ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና የሚያውቀው መንገድ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው።

"አዲሱ የስምሪት ኃላፊያችን" አሉ።

ክው አልኩ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው ቀጠሉ፤ "ለሴቶች ትልቅ ትኩረት ስለምንሰጥ፣ እሷን ደግሞ የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ አድርገናታል።" ሰዉ አጨበጨበ። ለመሆኑ የትኞቹ ሴቶች? በድርጅቱ ያለነው እኔ፣ ገንዘብ ያዧና ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ብቻ ነን!

"ምስጋና አቅርቢ እንጂ" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው የሂሳብ ሹም፣ ጥርሱን እያሳየ።

ምስጋና! ኧረ ምን ጉድ ነው!

ብድግ አልኩ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሴቶች ጉዳይን ለእሱ ይስጡት" አልኳቸው።

ሰዉ አውካካ። እሳቸውም ሳቁ። "አንቺ ደግሞ! እሱ ስለ ሴቶች ጉዳይ ምን ያውቃል?"

"ስለ ስምሪቱስ ምን ያውቃል?"

ሳቁ ቀጥ አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እሱስ ምን ያድርግ። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ጠቁሮ ስብሰባውን በተኑት።

ብዙም ሳይቆይ ልጁን ወደ ግዢ ክፍል አዛወሩት። ለእኔ ደብዳቤ ለመጻፍ ግን እጃቸው አልታዘዘም። ዛሬም በውክልና ነኝ፤ ሥራው የኃላፊ፣ ደሞዙ የተራ ሠራተኛ። ተናድጄ ወንበሩን ጥዬ እንድሄድላቸው እየጠበቁ ነው። መናደዱንስ ተናድጃለሁ። ግን ይጠብቁ! ከዚህ ወንበር የምነሳው ደብዳቤዬን ለመቀበል ብቻ ነው።