አውቶቡሱን የሠራው ሰው

ባለፈው ከአዳማ ወደ አቦምሳ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አውቶቡሱን ሲያማርሩ መንገዱ ተጋመሰ።

«ወንበሩ ጠባብ፣ መስኮቱ አይከፈት! የሠራው ሰው ምን ነክቶታል?»

ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝና፣ «እውነትዎን ነው እማማ፣ ሰውየው ጭንቅላት የለውም» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ባሌን ነው እንዲህ የምትለው? ጓሯችን ውስጥ በብየዳ ጀምሮ፣ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ስንት አውቶቡስ የሚሠራውን ሰው?»

«እርስዎም እኮ ሲሰድቡት ነበር…»

«እኔማ ሚስቱ ነኝ፤ አንተ ምኑ ነህ? ደረጄ! አቁምና ይህን ሰው አውርድልኝ!» ብለው ወደ ሹፌሩ ጮኹ።

እኔ ቦርሳዬን አቀፍኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ኧረ እማዬ! ራስሽ ስድቡን እያስጀመርሽ ሰውን ሁሉ ካስወረድሽብኝ ማንን ልጭን?»