መገበሪያ የምትለቅመው እህቴ

የሙት ወቃሽ አያድርገኝና እህቴ ወለተማርያም ቀርፋፋ ነበረች። እኔ ከምንጭ ውኃ ቀድቼ፣ ደጄን ጠርጌ፣ አንድ እንዝርት ጥጥ ፈትዬ ቀና ስል እሷ ገና ያንኑ እፍኝ ስንዴ ታገላብጣለች። ባሏ ሞቶባት ቆብ ከጫነች ጀምሮ የምትኖረው እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር በቀለሰቻት ጎጆ ነበር። የእኔ ቤት ከእሷ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወደ የካ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ሰፌዷን ይዛ ደጇ ላይ ስትቀመጥ በየቀኑ ትታየኛለች፤ በየቀኑም ታናድደኛለች።

ሥራዋ መገበሪያ መልቀም ነበር፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚጋገረውን ስንዴ ማለቴ ነው። አንዷን ፍሬ ታነሣለች፣ ገልብጣ ታያለች፣ ደህና ከሆነች በቀኝ፣ ከተሰበረች ወይም ነቀዝ ከበላት በግራ ታኖራታለች። መሬት የወደቀችም ለመሠዊያ አትሆንም፤ ከስባሪው ጋር ትደባለቃለች። ስባሪው የለቃሚዋ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሥራውን ከመጀመሯ በፊት እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥፍሯን ትቆርጣለች። ስምንት ዓመት እንዲህ ስታደርግ አንድ ቀን እንኳ አሳጥራ አላየኋትም።

«እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ፍሬ እያገላበጠ ያያል እንዴ?» እላታለሁ፣ ላናድዳት።

«እኔ ግን አይቼዋለሁ» ትለኝና ወደ ሰፌዷ ትመለሳለች።

ቤቴ ስትመጣም አታርፍም። ልጄ ፈትለወርቅ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነው። ደጅ አውጥታ እጇን ታጥባታለች፣ ጥፍሯን ትቆርጥላታለች፤ እኔንም «ልብስሽን በእንዶድ እጠቢ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ልጄ ትወዳታለች። እኔም እወዳት ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ።

በ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት የከብቱ በሽታ ገባ። ሁለቱ በሬዎቻችን በአንድ ሳምንት አለቁ። የማን በሬ ተረፈና! መሬቱ ጦሙን አደረ። ባሌ ሣህሌ ጋሻውን ሸጦ እህል ሊያመጣ ወደ ግቤ ማዶ ወረደ፤ አልተመለሰም። የት እንደቀረ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሐምሌ ሲገባ ጎታችን ባዶ ነበር። ሳማ እየቀቀልኩ ለልጄ አበላሁ። እግሯ አበጠ፣ ፊቷ የአሮጊት ፊት መሰለ።

አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ወደ እህቴ ወጣሁ። የፍልሰታ ጾም ሲገባ በየቀኑ ስለሚቀደስ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ከቀረችው ጥቂት ስንዴ አስቀድመው አምጥተውላት ሰፌዷ ሙሉ ነበር።

«እታለም፣ አንድ እፍኝ ስጪኝ» አልኳት።

«የእኔ አይደለም፣ ደብሪቱ።»

«እንግዲያው እጅሽ ትንሽ ይንቀጥቀጥ። ይፍሰስ። የወደቀው ያንቺ አይደል? ማን ያይሻል?»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ራሴ ጥዬው ወደቀ ልበል?» አለችኝ።

«ድንጋይ ነሽ!» አልኳት። «ልጄ ብትሞት የገደልሻት አንቺ ነሽ።»

ይህን አልኩ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ አንዲት ቋጠሮ አገኘሁ፤ ስባሪ ስንዴና ጥቂት ገብስ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሙሉ ፍሬ ስንዴ ይኖርበት እንደሆነ ብዬ በጣቴ ፈተሽኩት፤ አንድም የለም። ይኼ ደግሞ የባሰ አበገነኝ። አጥሚት አድርጌ ለልጄ ሰጠኋት፤ እህቴን ግን አላመሰገንኳትም፤ ሰላምም አላልኳት። እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ እየበላች ለእኛ ትራፊ የምትልክልን መስሎኝ ነበር።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከደጄ ሆኜ ሳያት እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የቀኝ እጇን አንጓ በግራ እጇ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ነበር የምትለቅመው፤ አንድ ፍሬ እንዳይወድቅባት። መከልከሏ አንሶ እኔን ለማብሸቅ የምታደርገው መሰለኝ። የሰው እጅ በምን እንደሚንቀጠቀጥ ማሰብ አቅቶኝ ነው? አላሰብኩም፤ ተናድጄ ነበራ።

ፍልሰታ ገባ። በሦስተኛው ቀን ልጄን አዝዬ በጭጋጉ ውስጥ ወጣሁና ቆረበች። ካህኑ ሲያቀብላት አፏን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩላት፤ ጠበል ጠጣች። ስንወርድ ጀርባዬ ላይ ሆና፣

«እማዬ፣ ነገም እንመጣለን?» አለችኝ።

«እንመጣለን።»

«ነገም ይሰጡኛል?»

«ይሰጡሻል፣ የኔ እናት።»

በማግስቱ ላዝላት ስነሣ ቀዝቅዛ አገኘኋት። ልጄ በዚህ ዓለም ሳለች በመጨረሻ የቀመሰችው እህል እህቴ የለቀመችው ስንዴ ነበር። ሥጋ ወደሙን እህል ማለት ድፍረት ነው፤ እሱ ይቅር ይበለኝ፤ እናት ነኝ።

ወለተማርያም መጣች። ውኃ አሙቃ ልጄን አጠበቻት፤ ጥፍሯን ቆረጠችላት። ቀብሩ እንዳለቀ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር እየተደገፈች ወደ ጎጆዋ ወረደች፤ ለነገው ቅዳሴ የሚለቀም ነበረና ከሰፌዷ ፊት ተቀመጠች። ያን ቀን ጠላኋት። ቋጠሮው ግን ከዚያም በኋላ አልቀረም። በየጠዋቱ ደጄ ላይ ይገኛል፤ እኔም እያለቀስኩም እየተራገምኩም በላሁት።

መስከረም ሳይጋመስ እህቴ ሞተች። ስንገንዛት ከቆዳና ከአጥንት በቀር የቀራት አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ አባ ወልደ ኢየሱስ ቆመው እያዩ ግራ ተጋቡ።

«ምን ሆና ነው?» አሉ። «ድርጎዋን፣ ያችን ግማሽ ቁና ገብስ፣ በየወሩ አላቋረጥኩባትም። ከስባሪው ጋር አብቃቅታ ትቆያለች ብዬ ነበር። ሌላ የምትበላው እንደሌላት አውቃለሁ።»

ገብሱን ሲያነሡ የየጠዋቱ ቋጠሮ ትዝ አለኝ።

«እኛ ቤት ነው፣ አባ» አልኳቸው። «እኔና ልጄ በላነው።»

ሰባቷ ካለፈ በኋላ አባ ሰፌዱን ይዘው መጡ። የሚለቅም ሰው ጠፍቶ ነበር፤ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ተሰዷል። «የእኔ እጅ ችኩል ነው፣ አባ፤ ሌላ ይፈልጉ» አልኳቸው። እሳቸው ግን ስንዴውን ከነሰፌዱ መደቤ ላይ አኑረውት ሄዱ። ሁለት ቀን ሳልነካው ዋለ። በሦስተኛው ቀን ውኃ ቀድቼ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩና ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። አሁን እኔም ቀርፋፋ ሆኛለሁ፤ የጎረቤት ሴቶች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። አንድ እፍኝ ስንዴ ልጄን ያተርፋት ነበር? አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ይህንኑ ተናግሬ አልቅሻለሁ፤ እሳቸውም አላወቁልኝም። በየጠዋቱ ሰፌዱን ጭኔ ላይ ሳኖር ግን እህቴን ፊት ለፊቴ እንዳስቀመጥኳት ሁሉ እናገራታለሁ። «አንድ እፍኝ ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?» እላታለሁ። «ምነው የራስሽን እንኳ በበላሽ!» እላታለሁ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የምላት። ከዚያ እለቅማለሁ።