እናቴ ከቤሩት የተመለሰች ቀን

ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ልጄን ከሕፃናት መዋያው ልወስዳት ስሄድ፣ በሞግዚቷ አንገት ተጠመጠመችና አልመጣም አለች። በሰው አገር በር ላይ ቆሜ ያደግሁባት የቡና ከተማ ጨለለቅቱ ትዝ አለችኝ።

እናቴ ከቤሩት የተመለሰች ቀን ይዘንብ ነበር። ከሰፈራችን የቡና ማጠቢያ የሚመጣው የቡና ልጣጭ ኮምጣጣ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እጇን ስትዘረጋለት ትንሹ ወንድሜ እሷ በሌለችበት ባሳደገችን አክስቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ።

«እናትህ እኮ ነኝ!» ብላ ስትጎትተው ጮኸ።

«ተይው እህቴ» አለቻት አክስቴ ቀስ ብላ። «ልጅ የሚያውቀው ያዘለውን ጀርባ ነው።»

እናቴ ያልተከፈተው ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አክስቴም ወንድሜን አዝላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሞግዚቷ ሳቅ ብላ ልጄን ልታቀብለኝ ጠጋ አለች። ልጄ ግን የምሄደው እኔ የሆንኩ መስሏት እጇን አውለበለበችልኝ።

«ቻው እማዬ» አለችኝ።