አረንጓዴውን የነካች ጣቴ

የልጅ ልጆቼ «አኮ፣ አያታችን፣ ጣትሽ ለምን አይታጠፍም?» እያሉ ሲነዘንዙኝ ኖሩ። ዘንድሮ ትልቋ ደብተር ይዛ መጣችና፣ አያቴ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ አለችኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን እንዳለ ታስፍረው።

መቼም እኔ አንድ ቤት የምረጋ ሰው አይደለሁም። ያኔ ወር ቢላ ከተማ ሴት ልጄ ዘንድ፣ ወር ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ የበኩር ልጄ ዘንድ እል ነበር። እሱ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አረቄ ሲቀምስ ግን የማይሰብረው ዕቃ፣ የማይመታው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን የሚስቱን ራስ በበርጩማ ፈለጠው፤ በነጠላዬ አፍኜ ያዝኩት፣ ደሙ በጣቶቼ መሃል ይወርድ ነበር። እሷም ልጆቿን አንጠልጥላ ጊምቢ እናቷ ዘንድ ገባች። እኔ ቀረሁ። ሁላችንም ከሄድን ማን አለው?

ከዚያ ሆዱ ተነፋ፣ ዓይኑ እርድ መሰለ። ሐኪሙ፣ ጉበትህ አልቋል፣ ከእንግዲህ አንድ መለኪያ ብትደግም ትሞታለህ ብሎ ነገረው። የሐኪም ቤቱ ነርስም ስልኩ ላይ አፕ የሚሉትን ነገር ጫነችለት። በየጠዋቱ እንደ ጫጩት ይጮህና፣ ትናንት ጠጥተሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካልጠጣ አረንጓዴውን ይነካል፤ ከጠጣ ቀዩን። ቀዩ ሲነካ ነርሷ ዘንድ ይደርሳል፣ እሷም ወዲያው ትጠራዋለች። ማንበብ ስለማልችል ቀለሞቹን አሳየችኝ፣ እሱን እንዳሳስበው።

ሁለት ወር ያህል አረንጓዴውን ራሱ ነካ። ፊቱም የሰው ፊት መሰለ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ሰክሮ መጣ። መስኮቱን በቡጢ አረገፈው፣ እኔን ጉሮሮዬን ይዞ ከግድግዳ አጣበቀኝ፤ ዓይኔ እስኪፈጥ። በማግሥቱ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ተኝቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

ነርሷ ቀይ ካየች ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞስ፣ ልጅ ሳለ ታሞ መጾም ባቃተው ጊዜ በእሱ ፈንታ እኔ አልጾምኩለትም? የልጇን ስለት እናት ታደርስ የለ? እኔ አልጠጣሁም። ስለዚህ በእሱ ፈንታ አረንጓዴውን ነካሁ። ውሸት ነው ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ በሰከረ ቁጥር፣ በማግሥቱ እየቀደምኩ እነካለት ጀመር። እሱም ስልኩን ማየት ትቶ ነበር።

አንድ ማለዳ አንሶላውን ደጅ አጥባለሁ። ስልኩን ይዞ ወጣ፤ እግሩ አብጧል።

«ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ ልጄ፣ ላንተ ብዬ።»

«በየትኛዋ ጣት?»

እንደ ሞኝ፣ ፈገግ ብዬ፣ አሳየሁት። ጣቴን ይዞ የብረቱ በር መቃን ላይ አደረገና በሩን ወርውሮ ዘጋው። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለች። ስጮህ አፌን በጥፊ አለኝ፤ ወድቄም አልተወኝም፣ በእግሩ ጎኔን ይለኝ ነበር። ጎረቤቶች ጎትተው ሲያላቅቁት በጉልበቱ ወደቀና ደም አስታወከ። በግ የታረደበት ይመስል ግቢው ቀላ።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በተንጠለጠለች ጣቴ አፉን እጠርግለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰው ሁሉ፣ አረቄው ነው የሰበረሽ አለኝ። እኔም ያንን አምኜ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አምና ወደ ቢላ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያችን ነርስ አገኘኋት። «ሃዳ ኮ፣ እናቴ» ብላ እጄን ሳመች፤ ጣቴን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እሷም፣ ያን ጊዜ ልትነግረኝ አንጀቷ እንዳልቻለ ተናገረች። ልጄ ከሞተ በኋላ ስልኩ ላይ የቀረውን መዝገብ ስትዘጋ አይታው ኖሯል፤ ጣቴን በሰበረበት ዕለት ማለዳ፣ ከእኔ አረንጓዴ በኋላ ልጄ ቀዩን ሰባት ጊዜ ነክቶት ነበር። ስልኩ ግን በቀን አንድ መልስ ብቻ ስለሚቀበል፣ አንዱም እሷ ዘንድ አልደረሰም።