የባሮቹ ልጆች የት ናቸው?

መምህርት ጥሩወርቅ ስለ ባሪያ ንግድ የሚያወራውን ምዕራፍ ሁልጊዜ «ቤታችሁ አንብቡት» ብላ ታልፈው ነበር። ቅድመ አያቷ ሐረር የገቡት ተሸጠው ነው፤ እናቷም «ይህ ከተሰማ ልጅሽን ብሌንን የሚያገባት አይገኝም» ብለው አስምለዋታል። ዘንድሮ ግን፣ ብሌን በታጨች ማግስት፣ ርዕሰ መምህሩ ትምህርቷን ሊገመግሙ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። መዝለል አልተቻለም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ነፃነት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የባሮቹ ልጆች አሁን የት ናቸው?»

ጥሩወርቅ «አላውቅም» ልትል ነበር፤ ግን ቅድመ አያቷን ዳግም መሸጥ ሆነባት።

«አንዷ እኔ ነኝ» አለች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የፈረስ መጋላ አደባባይን ስታቋርጥ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ያረፈ መሰላት። ቤት ገብታ ለብሌን ነገረቻት። ብሌን ወዲያው እጮኛዋ ጋ ደወለች፤ ጥሩወርቅ መስማቱን ፈርታ ጓሮ ወጣች።

«እሱስ አይተወኝም» አለች ብሌን ተከትላት ወጥታ። «ቤተሰቦቹን ግን እንጃ።»