የማኑ እንስራ

ሽማግሌዎቹ ቤታችን ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው እህል አልወርድልኝ አለ። ያኔ እጮኛዬ የነበረው የዛሬው ባለቤቴ፣ አትላስ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጠን ሳለ፣ የእናቱ ወገኖች ሸክላ ሠሪዎች መሆናቸውን ነግሮኝ ነበር። አባቴ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማውም አደራ ብሎኛል። እኔ ግድ አልነበረኝም። አባቴን ግን አውቀዋለሁ። ታላቅ እህቱን፣ አክስቴን፣ ደግሞ ከእሱ ይበልጥ አውቃታለሁ። የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት የምትቆጥር፣ ከሸክላ ሠሪ ቤት ውሃ እንኳ የማትቀምስ ሴት ናት። "ቡዳ" የሚለውን ቃል ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ደጅ ቆሞ የሚሰማት ያለ ይመስል።

ቦሌ መንገድ ላይ ባለው መሥሪያ ቤታችን ከጎኔ የምትሠራ ሕንዳዊት መሐንዲስ ነበረች፤ በዕድሜ እናቴን የምታህል። ምሳዬን እንዳልነካሁት አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሷም በአገሯ ስለ መጀመሪያው ሰው ስለ ማኑ የሚወራውን አጫወተችኝ።

ማኑ አንድ ጠዋት እጁን ሲታጠብ ትንሽ ዓሣ መዳፉ ውስጥ ገባች። ትልልቆቹ ዓሦች ሳይበሏት እንዲያሳድጋት ለመነችው፤ እሷም አንድ ቀን ልታድነው ቃል ገባች። እንስራ ውስጥ አኖራት። እንስራው ሲጠባት ጉድጓድ ቆፈረላት፣ ጉድጓዱም ሲጠባት ወስዶ ባሕር ለቀቃት። ኋላ የጥፋት ውሃ እንደሚመጣ ነገረችውና መርከብ ሠራ። ውሃው ሲሞላ የመርከቡን ገመድ ግንባሯ ላይ በበቀለው ቀንድ አሰረው፤ እሷም እየጎተተች ተራራ ላይ አደረሰችው። ሌላው ፍጥረት ሁሉ አለቀ። የሰው ልጅ በሙሉ የመጣው ከዚያ ከአንድ ሰው ነው።

የእኛን ኖኅ መስሎኝ ልቤ ትንሽ ቀለል አለኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ሰውን በደረጃ የሚከፍለው፣ ማን ማንን እንደሚያገባ የሚወስነው የጥንት ሕግም የሚጠራው በዚሁ በማኑ ስም ነው አለችኝ። እሷ ራሷ ከደረጃዋ በታች ነው የተባለ ሰው አገባች። አባቷ ወሬውን ከጎረቤት ሰምቶ በሩን ዘጋባት፤ እስኪሞትም አልከፈተላትም።

"አንቺ ራስሽ ንገሪው" አለችኝ። "ይቆጣ፣ ግን ካንቺ ይስማው።"

ከዚህ በኋላ ጭንቀቴ ባሰ። ቅዳሜ ወደ ወላጆቼ ቤት ስሄድ፣ ታክሲው ውስጥ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ መውረጃዬን ጉርድ ሾላን አልፌ ሄድኩ። በእግሬ ተመለስኩ።

አባቴ ግቢ ውስጥ የላላ የበር ማጠፊያ እያጠበቀ ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከየት እንደምጀምር ስለጠፋኝ ከማኑ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሰው አዳም ነው ብሎ እንዳያቋርጠኝ ብፈራም ብሎኑን እያዞረ ሰማኝ። ታሪኩ ሲያልቅ፣ የልጁ እናት ወገኖች ሸክላ ሠሪዎች መሆናቸውን ትንፋሽ ሳልወስድ ተናገርኩ።

ቀና ብሎ አላየኝም። ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ፣ "ዓሣዋን መጀመሪያ የት አኖራት አልሽኝ?" አለ።

"እንስራ ውስጥ።"

"እንስራውን ማን ሠራለት?"

 መልሴን ሳይጠብቅ መፍቻውን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ተቆጥቶ ይሁን ተስማምቶ መለየት አቃተኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። እኔ ከጓዳው በር ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ። ገና ንግግራቸው ሳያልቅ አክስቴ የልጁ አጥንት ምን እንደሆነ ጠየቀች። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

አባቴ ቀደመው። "እሱን ልጄ ነግራኛለች" አለ። "እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያከብራታል ወይ?"

ሽማግሌው ምን እንደመለሰ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ቀጥሎ የሰማሁት አባቴ "እንግዲህ ተቀመጡ" ሲላቸው ነው። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሠርጌ ላይም አልተገኘችም።

አሁን ከአክስቴ ጋር በበዓል በበዓል አባቴ ቤት እንገናኛለን። ልጄ ትወዳታለች። ዳቦዋን ቆርሳ በትንሿ እጇ ስትዘረጋላት፣ ወሬዬን አቋርጬ አያለሁ። አክስቴ ትመርቃትና ትቀበላታለች፤ ቁራሹንም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። ስትበላው አይቼ አላውቅም።