ለጀርወሏ እንግዳ የእንግሊዝ ሻይ

ጅዳ የምሠራላት ማማ በወጣትነቷ ከባሏ ጋር ለንደን ኖራ የተመለሰች ሳዑዲ ነበረች። ባሏ ከሞተም በኋላ ከሰዓት በኋላ ከዐሱር ሶላት ስትነሳ ሻይዋን እንደ እንግሊዞቹ ነው የምትጠጣው፤ መጀመሪያ ስስ የኪያር ሳንዱች፣ ቀጥሎ ስኮን የሚሉት ትንሽ ዳቦ፣ መጨረሻ ኬክ። ስኮኑን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቀዝቃዛ ቅቤ ከዱቄት ጋር በጣት ጫፍ ይፈረፈራል፣ ወተት ጠብ ይደረግበታል፣ ከዚያ ቶሎ እጅን ማንሳት ነው። እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ሊጥ በደንብ ካልታሸ ሰነፍ ያሰኛል። የመጀመሪያዎቹ እንደ ድንጋይ ደርቀው ሲወጡ ማማ ሳቀች። "ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሊጡ ምን በደለሽ?"

የፖሊስ አፈሳው የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በማማ ስም አልነበረም። ከፊሌ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣኝ አሠሪ፣ መካ ጀርወል ሰፈር ሆቴል የነበረው ሰው ነው፤ ሆቴሉ ሲዘጋ "ሥራሽን ፈልጊ" ብሎ አሰናብቶኛል። አሁን ግን ከከፊሉ ውጭ ሲሠራ የተገኘ ይያዛል፣ ከዚያም ወደ አገሩ ይጫናል። እዚያው ጅዳ በኒ ማሊክ ሰፈር ያሉት ጓደኞቼ በር ዘግተው ተቀመጡ። ማማ ወደ እሷ እንዲያዛውረኝ ብትደውል ብትደውል ሰውየው ስልክ አያነሳም።

አንድ ጧት "ኸላስ፣ በቃ፣ የከፊልሽን እናት ለሻይ እጠራቸዋለሁ" አለች።

"ከመካ ድረስ ይመጣሉ?"

"የእንግሊዝ ሻይ ነው ስላቸው ይመጣሉ።"

እውነትም መጡ፤ ከዘራ የያዙ ቁጡ አሮጊት። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ጉዳይ ማንሳት ነውር እንደሆነ ማማ ነግራኛለች። የለንደኑን ዓይነት ክሬም ስላላገኘን በቆርቆሮ የሚሸጠውን ቂሽጣ ከእንጆሪ ማርማላታ ጋር አቀረብኩ። ሻዩ ላይ ወተት ስጨምር ስኒውን ገፋ አደረጉት።

"ሻይን በወተት ማን ያበላሻል? ናና የላችሁም?"

"ናና አምጪላቸው" አለች ማማ፣ ደንቧን ሁሉ ትታ።

ስኮኑን ግን ወደዱት። አንዱን ጨርሰው ሌላ አነሱ። "ማነው የጋገረው?"

"እሷ ናት። የጠራሁዎትም በእሷ ጉዳይ ነው" አለች ማማ፣ ሁለተኛውን ስኒ ሳትጠብቅ።

አሮጊቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ልጄ ሆቴል ነበርሽ?"

"አዎ፣ ሐጃ። አሁን ኢቃማዬን ወደ ማማ እንዲያዛውርልኝ ነው።"

"ታዲያ ለምን አይለቅሽም?"

"ስልክ አያነሳም።"

"የእኔን ያነሳል" አሉና እዚያው ደወሉ። አረብኛቸው ፈጥኖብኝ ግማሹ አመለጠኝ። "ዐይብ! ዐይብ!" እያሉ፣ ነውር ነው እያሉ ሲጮኹበት ግን ገባኝ። ያ የምፈራው ሰው እንደ ሕፃን ሲቆጡት ስሰማ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ወደ ኩሽና ሮጥኩ። እዚያ ስደርስ የመጣው ለቅሶ ነበር።

በሳምንቱ ሰውየው ጅዳ ድረስ መጥቶ የዝውውር ወረቀቱን ፈረመ። አፈሳው ሲጠነክር ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ተጫኑ፤ እነሱን በስልክ እየተሰናበትኩ እኔ ማማ ቤት ቀረሁ። ከዓመታት በኋላ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማማ መርቃ ሸኝታኝ ኮምቦልቻ ገባሁ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ልከፍት ነው፤ ሰሞኑን ግድግዳውን ቀለም እያስቀባሁ ነው።